ይሉኝታና ቆዳ

ስለ ሞት ሲወራ የማይደነግጥ ሰው ስለ ሽንት ሲነሳ ይሽኮረመማል። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የሟችን ሕመም አንድ በአንድ እንዘረዝራለን፤ ስኳሩን፣ ደም ብዛቱን፣ ኩላሊቱን። ሽንቱን መቋጠር ተስኖት እንደነበር፣ መቀመጫው ተልጦ ሲቃትት ያድር እንደነበር ግን ያስታመመችው ልጅ ብቻ ታውቃለች፤ እሷም አትናገርም። እኔ ግን ልናገር። እናቴን ሦስት ዓመት አስታምሜያለሁና ዝምታው ምን እንደሚያስከፍል አይቻለሁ።

እማዬን ስትሮክ የመታት በ2014 ዓ.ም. ሰማንያ ዓመት ሲሞላት ነው። ግራ ጎኗ ሰነፈ፣ ሽንቷም ያመልጣት ጀመር። አእምሮዋ ግን እንደ ድሮው ንቁ ነበር፤ ጭንቁም የመጣው ከዚያ ነው። ሕፃን ሲረጥብ ያለቅሳል። እማዬ ግን "ልጄ ደክሟታል፣ ትተኛ" ብላ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ ንጋት በርጥብ ጨርቅ ላይ ትጋደማለች። ጠዋት "እንዴት አደርሽ?" ስላት "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደረቅ ነኝ" ትለኛለች። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ሽታው አይኔን ያቃጥለዋል።

ያ የሚሰነፍጥ ሽታ አሞኒያ ነው። በሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ በባክቴሪያ ሲፈርስ የሚፈጠር ነው። ጤናማ ቆዳ ጥቂት አሲድነት አለው፤ ጀርምን የሚከላከለውም በዚሁ ነው። አሞኒያው ይህን አሲድነት ያጠፋዋል። በዚያ ላይ ሲርስ የቆየ ቆዳ ይለሰልሳል፤ ጨርቅ ባሸው ቁጥር ይላጣል። ሰገራ ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው። በሰገራ ውስጥ የሚቀሩት ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች አሲድነቱን ባጣ ቆዳ ላይ ይበረታሉ። ስለዚህ ሰገራ ሲኖር "ቆይ ቡናው ይፍላ" አይባልም።

መቼም በእኛ አገር ንጽሕና ማለት ብዙውን ጊዜ መፈተግ ነው። በልብስ ሳሙና አሽተው፣ በፎጣ ፈግፍገው፣ "አሁን ጸዳች" የሚሉ አስታማሚዎች አሉ። ፍቅራቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን የልብስ ሳሙና እንደ አሞኒያው የቆዳን አሲድነት የሚያጠፋ ነው፤ መፈተጉም የቀረውን ይልጣል። የሚያስፈልገው ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ፣ ግድ ከሆነም ጠንካራ ያልሆነ የገላ ሳሙና ነው። ከዚያ ሳያሹ እየተጫኑ ማድረቅ፣ ጥቂት ደቂቃም አየር እንዲያገኘው መተው። በመጨረሻም ሽንቱ ቆዳውን እንዳይነካው ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ቅባት ወይም ቫዝሊን በስሱ መቀባት። በስሱ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቫዝሊን ሲበዛ የሚጣለው ዳይፐር ሽንት እንዳይመጥ ይዘጋዋል። ዱቄት ፓውደር ደግሞ ቅባት ላይ ሲነሰነስ በብሽሽት ውስጥ እየጓጎለ ራሱ ይፈገፍጋል።

ስለ ጨርቅና ስለ ዳይፐር የሚከራከሩ አሉ። እኔ ሁለቱንም ይዣለሁ። እማዬ ለክፉ ቀን ብላ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠቻቸው ያረጁ ነጠላዎች ነበሯት፤ ስቆራርጣቸው አፏን በነጠላዋ ሸፍና አየችኝ። "ይኸው ክፉ ቀን መጣ" አለችና ሳቀች። ነጠላ ለቆዳ ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ርጥበቱን ከቆዳ አያርቅም፣ እንደራሰ መለወጥ አለበት። ላዩ ላይ ላስቲክ ከተደረገበት ከሥር ያልባል። ሲታጠብ ኦሞውም በረኪናውም እስኪወጣ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው፤ የልብስ ማለስለሻ ውሃ መምጠጡን ይቀንሰዋል። የሚጣለው ዳይፐር በውስጡ ያለው ዱቄት መሰል ነገር ሽንቱን ጠጥቶ እንደ አጥሚት ስለሚረጋ ለሌሊት ይሻላል። ጠንቁ ዋጋው ነው። የተወደደ ነገር "ገና አልሞላም፣ ትንሽ ይቆይ" ያሰኛልና።

የጤና ጽሑፎች "ቆዳው ሲቀላ ተጠንቀቁ" ይላሉ። የእማዬ ቆዳ ጠይም ነው፤ መቅላቱ አይታይም። እኔ የምፈልገው ከአካባቢው የጠቆረ ወይም የሚያብለጨልጭ፣ ስነካው የሚያተኩስ፣ እሷን የሚያሳቅቃትን ቦታ ነበር። በብሽሽት ውስጥ ከዋናው ሽፍታ ዙሪያ ትንንሽ ነጠብጣብ ከተበተነ ፈንገስ ሊሆን ይችላልና ዚንክ ብቻውን አይበቃውም፤ ሐኪም ይየው። ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት በጎረቤት ምክር መቀባት ግን ነገሩን ሊያባብስ ይችላል። ከወገብ በታች አጥንት በሚያርፍበት ላይ የሚወጣው ቁስል ደግሞ ከመጫን የሚመጣ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ካልተገላበጡ ቅባት አያድነውም።

ሽንት ቆዳን እንደሚበላ አብልጠው የሚያውቁት በወሊድ ጊዜ ፊስቱላ የደረሰባቸው እናቶች ናቸው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል የከፈቱት ለእነሱ ነበር። በየጓዳው የተደበቁ ሴቶች ሕክምና እንዳለው ሰምተው ከሩቅ አገር መጥተዋል። የአረጋውያንም የሽንት ማምለጥ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ የሚታከምም አለው፤ ሳያስመረምሩ "እርጅና ነው" ብሎ መዝጋት ግፍ ነው።

እማዬ ውሃ መጠጣት ቀንሳ ነበር። "እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው" አለችኝ በኋላ። ውሃ ያጣ ሽንት ይወፍራል፣ ሽታው ይከፋል፤ ሆዷም ደርቆ ሌላ ጣጣ መጣ። ነርሷ መጥታ ስትቆጣት አንገቷን ደፋች።

እኔ መጠየቁን ተውኩት። "ረጥበሻል?" ሲባል "የለም" ማለት ግዴታዋ ነው፤ እናት ናትና። ከዚያ ወዲያ በሰዓት ገባሁ። ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ከሌሊቱ ሰባት፣ ከዚያም አሥር። "ላገላብጥሽ መጣሁ" እላለሁ፤ የሚለወጠው ሁሉ በዚያ መሃል ይለወጣል። እሷም ስለ ትላንት ጎረቤት ታወራለች፣ እኔም ስለ እሱ እመልሳለሁ። በወር ገደማ ውስጥ መቀመጫዋ ጠገገ፤ ውሃም በብርጭቆ ትጠጣ ጀመር።

አንድ ሌሊት ሰዓቱ ሳይደርስ ግድግዳው ተመታ። ደንግጬ ሮጥኩ።

"ምነው እማዬ?"

"ዛሬስ ዘገየሽ" አለችኝ።