ላብ አፍስሶ ጦም ማደር

በተቋማችን ሜዳ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የሚሮጠው፣ ገመድ የሚዘለውና ፑሽ አፕ የሚሠራው እጩ መምህር ቁጥር እየጨመረ መሄዱ ደስ ያሰኛል። ቀኑን ከክፍል ወደ ክፍል ስንል ስለምንውል ለስፖርት የሚተርፈን ምሽቱ ብቻ ነው። የብዙዎቻችን ዓላማም አንድ ነው፤ ይኸውም ቦርጭን ማጥፋት፣ ስብን መቀነስ። ድሮ «ወፍረሃል» ማለት «ተመችቶሃል» ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ይህን የሰማ ሰው ወደ መስታወት ይሮጣል።

ችግሩ የሚመጣው ከስፖርቱ በኋላ ነው። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ላባችንን ጠርገን ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ክርክር ይነሣል። ገሚሶቻችን «ማታ የተበላ ሁሉ ስብ ይሆናል፤ ውሃ ጠጥቶ መተኛት ነው» እንላለን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ኧረ ይሄን ሁሉ ሮጠን!» ብለን ሁለት ሳምቡሳና አንድ ለስላሳ ይዘን ቁጭ ነው። ለመሆኑ የቱ ነው ልክ?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ የሚያቃጥለው ወደ 300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ያህል አለው። 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ ያለው 30 ግራም ያህል ስኳርም እንዲሁ ወደ 120 ይሰጣል። እንግዲህ ዘይት የጠጣውን ሳምቡሳ ስንጨምርበት የሮጥነውን ሁሉ በሩብ ሰዓት መልሰን ጎረስነው ማለት ነው።

ጦም አዳሪዎቹስ? አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ይህ በአንድ ሌሊት ረኃብ የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ በየቀኑ ከሚያስፈልገን ጥቂት እያጎደልን በሳምንታትና በወራት የምንቀንሰው ነው። ዋናው ወሳኝም የቀኑ ጠቅላላ ሒሳብ እንጂ እራት የተበላበት ሰዓት አይደለም። ደግሞም በስፖርት የደከመ ጡንቻ የሚጠገነው ከምግብ በሚገኝ ፕሮቲን ነው። ጨጓራ ያለበት ሰውማ ባዶ ሆድ ማደር ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ሆድ ባዶ ይጠላል፤ ማታ የተከለከለውን በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ከነወለዱ ያስመልሳል።

ከመካከላችን አንዲት እህታችን ሳምንት ሙሉ ያለ እራት እየሠራች ስታድር ሰንብታ፣ በማስተማር ልምምድ ላይ ጠመኔ እንደያዘች ዓይኗ ጨለመባትና ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች። አንድ ትንሽ ልጅ «ቲቸር፣ ቁርስ አልበሉም እንዴ?» ሲል ጠየቃት። ያን ዕለት የተቀረው ትምህርት ሳይሰጥ ቀረ። እንግዲህ ነገሩ የቁመና ብቻ አይደለም፤ ማለዳ ፊታችን የሚቀመጡት ልጆች ጉዳይም ነው።

ታዲያ ምን ይበጃል? ውድ ነገር አያስፈልግም። 10 ሰዓት ላይ አንድ ሙዝ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ብንቀምስ ከስፖርት በኋላ ረኃቡ አያብድብንም። ከስፖርት በኋላ ውሃ፤ ቀጥሎ መጠነኛ እራት፤ ይኸውም ግማሽ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ፣ ጎመን ወይም ሰላጣ በርከት አድርጎ፣ ዘይቱን ቀነስ አድርጎ። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ አንድ እንቁላል 6 ገደማ። ስለዚህ ጦም የያዘው ጓደኛችንም በምስር፣ በሽምብራና በባቄላ አይጎዳም። ሆድን ወጥሮ ወዲያው መተኛት ግን ቃር ያመጣልና እየተጠና ትንሽ ቢቆዩ ይሻላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ካለ እራቱን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

«መመገቢያ አዳራሹ ቀድሞ ይዘጋል» የሚለው አቤቱታ እውነት ነው። ሆኖም ሜዳ የማይወርድ የማደሪያ ጓደኛ የሌለው ማን አለ? እርሱ የስፖርተኛውን ድርሻ በሣህን ከድኖ ያስቀምጥ፤ ስፖርተኛው ደግሞ በተራው ጠዋት ውሃ ይቅዳለት። ከነገ ምሽት ጀምሮ በየክፍላችን እንሞክረው።