ሆብስን በሰንጠረዥ፣ ኦስትሮምን በፈለጅ

አገር ቤት ሶሲዮሎጂ ስማር ሆብስንና ሩሶን የማውቃቸው በሃንድአውት ነበር። አንድ ገጽ ትርጓሜ፣ ግማሽ ገጽ «ሂስ»፣ ከዚያ ፈተና። እዚህ አቡዳቢ በረዳት መምህርነት የምገባበት ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ ንድፈ ሐሳቡን ከማስነበባቸው በፊት ተማሪውን ያጫውታሉ። ንባቡ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት፣ ተማሪው ከተናደደ በኋላ ነው።

መናደዱ የምር ነው። ስታርፓወር የሚባለውን ጨዋታ ጋሪ ሸርትስ የተባለ አሜሪካዊ በ1969 አወጣው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ተጫዋቾች ቺፕስ ይለዋወጡና ባገኙት ነጥብ ካሬ፣ ክብና ሦስት ማዕዘን ተብለው በመደብ ይከፈላሉ። ጥቂት ዙር ከተጫወቱ በኋላ ሕግ የማውጣት መብት ብዙ ነጥብ ላላቸው ለካሬዎቹ ይሰጣል። ከመጀመሪያው ዙር ወዲህ የታደላቸው ቺፕስ ከሌላው የተሻለ እንደነበር አያውቁም፤ በብልሃታቸው የከበሩ ይመስላቸዋል። ሕጉንም ወደ ራሳቸው ያደሉታል። ሦስት ማዕዘኖቹ ወይ ያምፃሉ፣ ወይ አኩርፈው ስልካቸውን ያወጣሉ።

አብዛኛው ነዋሪ የውጭ ዜጋ በሆነበት አገር፣ የኢምሬትስ፣ የህንድ፣ የግብፅና የፊሊፒንስ ልጆች አንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ መደብ ፊት ለፊት መነጋገር ቀላል አይደለም። ጨዋታው ማንንም በስም ሳይጠራ ያናግራቸዋል። ሆኖም አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፦ ሰዓቱ ሲያልቅ ሦስት ማዕዘኑም በመኪናው ይሄዳል። በር ላይ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሠራተኛ ጨዋታው ውስጥ አልነበረም።

ይበልጥ የሚጥመኝ አል አይን ላይ የምናደርገው ነው። ከአቡዳቢ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። የከተማዋ የቴምር ጫካዎች ከሂሊና ከሐፊት ጥንታዊ ስፍራዎች ጋር በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ዛፎቹ ለዘመናት የጠጡት በፈለጅ ነው፤ ከመሬት በታች ተቆፍሮ በቁልቁለቱ ብቻ ውሃን ከሩቅ በሚያመጣ ቦይ። ሂሊ የተገኘው ፈለጅ 3,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ውሃውን በሰዓት የሚያከፋፍለው ሰው ዓሪፍ ይባላል።

ተማሪዎቹ ከቴምሩ ጥላ ሥር አምስት አምስት ሆነው በረድፍ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ አሥር የቴምር ፍሬ ይይዛል። በየዙሩ ለቦይ ጥገና የፈቀደውን ያዋጣል፤ መዋጮው ሲበዛ ውሃው ይበዛል። ውሃው ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚቀዳው ከላይ የተቀመጠው ነው፣ ያውም ያሻውን ያህል። ግርጌ ያለው የተረፈው ይደርሰዋል፤ ካልተረፈም ባዶ እጁን ይቀራል። ብዙም ሳይቆይ የግርጌው ሰው ማዋጣት ያቆማል፣ ያኔ የላይኛውም ውሃ ይቀንሳል። ጭቅጭቁ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ቡድን እየተጣላ ያልቃል፤ አንዳንዱ ተደራድሮ ከመካከሉ አከፋፋይ ይሾማል፣ ማንም ሳይነግረው ዓሪፍን ፈጠረ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ተማሪዎቹ ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 ኖቤል ያገኙበትን የጋራ ሀብት አስተዳደር ሥራ ሲያነቡ ጥያቄያቸው ሌላ ነው።

እኔ በዚያች ሰዓት የሚታወሰኝ የእኛው የውሃ አባት ነው፦ የመስኖ ተራ የሚያወጣው፣ ተራ የሰረቀውን የሚያስቀጣው፣ ከቦይ ጠረጋ የቀረውን የሚያስጠራው ሰው። የእኛ ሃንድአውት ውስጥ ኦስትሮም ነበሩ፤ የውሃ አባት ግን አልነበረም።

ሳዲያት ደሴት ላይ ያለው ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡዳቢ ለእንዲህ ያለ ሙከራ የተለየ ቤተ ሙከራ አለው፤ ተሳታፊው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ይወስናል፣ እንደ ውሳኔውም ይከፈለዋል። እኛ ዘንድ ሙከራው ገበሬ መንደር ድረስ ገብቷል። ደቬሽ ሩስታጊና ባልደረቦቹ የባሌ 49 የደን ተጠቃሚ ማኅበራትን አባላት በገንዘብ አጫውተው ውጤቱን በ2010 ሳይንስ መጽሔት ላይ አውጥተዋል። «ሌላው ካዋጣ እኔም አዋጣለሁ» የሚሉ ሰዎች የበዙባቸው ማኅበራት ደናቸውን የተሻለ ጠብቀው ተገኙ። ይህን ጥናት እዚህ አገር የማስተምራቸው ልጆች ያነቡታል። አገር ቤት ስማር ግን ማንም አላነሳልኝም።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ሰንጠረዥ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለዚህ ስለ ኢትዮጵያ ቼዝ በሰፊው ጽፈዋል። የጨዋታው መክፈቻ ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም እጃቸው በፈጠነ መጠን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ሲበላ ወዲያው ተራ ይጀመራል። የሆብስን ሌዋያታን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል? ሕግ ከመጀመሪያው ደም በኋላ ሲመጣ ተማሪው በገዛ ጣቱ ያየዋል። ጎበዝ መምህር ደግሞ እዚያ ላይ አይቆምም፦ በወረራውም ጊዜ እኮ ፈረስ የሚሄደው እንደ ፈረስ ነው፣ ሰሌዳውንም የሚገለብጠው የለም። ታዲያ ከውሉ በፊት የነበረው ያ ደንብ ከየት መጣ? «ከውል በፊት የጋራ ደንብ አለ» የሚለው ዱርካይም የሚገባው በዚህ በር ነው። እዚህ የምሠራባቸው የፈረንጅ ጨዋታዎች አንዳቸውም ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ አያመጡልኝም።

አገር ቤት ያሉ ወዳጆቼ «ስልሳ ተማሪ ይዤ ምን ላጫውት?» ይሉኛል። ችግሩ ይገባኛል። ኮርሱ ማለቅ አለበት፣ የመውጫ ፈተናም አለ፤ «ቡድን ሥሩ» ሲባል ደግሞ ተማሪው አንድ ለአምስት ትዝ እያለው ፊቱን ያጨማድዳል። ግን ለፈለጁ ጨዋታ የሚያስፈልገው ሽምብራ ነው፤ ስልሳ ተማሪ ማለትም አሥራ ሁለት ቦይ ነው። ጊዜ የሚበላው ከጨዋታው በኋላ ያለው ውይይት ነው። እሱን ቆርጦ የሚወጣ መምህር ባያጫውት ይሻላል፤ ተማሪው ስቆ ይወጣል እንጂ አይማርም።

አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም ወሎ የምታስተምሩ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር አንዱን የሆብስ ክፍለ ጊዜ በሰንጠረዥ ሞክሩትና ተማሪዎቻችሁ ያሉትን ጻፉልኝ።