ለማይቸኩል ሰው የሚሆን አኒሜ

ሰው ሁሉ ስለ ድብድቡ ሲያወራ፣ እኔን ከ«ፍሪረን» የያዘኝ የመጀመሪያው ክፍል ቀብር ነው። ጀግናው ሂመል አርጅቶ ሞቷል። ከሺህ ዓመት በላይ የኖረችው ኤልፍ ፍሪረን ፊቷ ሳይለወጥ ትቆማለች፤ ቀባሪው ያማታል። እንባዋ የሚመጣው ሬሳው ጉድጓድ ሲገባ ነው። አብረው የተጓዙበት አሥር ዓመት ለእሷ እንደ ቀልድ ያለፈ ነገር ነበር፤ ሂመልን ልታውቀው እንኳ አልሞከረችም። ስቱዲዮው ማድሃውስ እ.ኤ.አ. በ2023 በዚህ መጀመሩ ድፍረት ነው።

ዝግታ የሚወድ ግን ወደ ኋላ ሄዶ የ2005ቱን «ሙሺሺ» ይይ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጊንኮ ሲጋራውን እያጨሰ ከመንደር መንደር ይዞራል፤ ሙሺ የሚባሉት ፍጡራን ክፉም ደግም አይደሉም፣ ዝም ብለው ይኖራሉ። በግራ እጁ የሳለው ሁሉ ነፍስ የሚዘራለት ልጅ ያለበት የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን ፊልም ይወጣዋል። ለእኔ ከፍሪረንም ይበልጣል።

ስለ ዝግታ ካነሳን፣ «ዋን ፒስ»ን ከ1999 ጀምሮ ሳያቋርጡ ያዩ ሰዎች ትዕግሥታቸው ይገርመኛል። ታሪኩ ግሩም ነው፤ ግን አኒሜው የተወሰደበት የሥዕል መጽሐፍ፣ ማንጋው ላይ እንዳይደርሱ ብለው አንዷን ቡጢ ስንት ደቂቃ ጎትተዋታል! እኔ ማንጋውን ነው የማነበው።