ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንጓዝ ዓይናችን ከበቆሎና ከበርበሬ ማሳ አልተላቀቀም። የመንግሥት ፖሊሲ የሚያጠኑ ወጣቶች በክረምት ባሕር ማዶ ተልከው ልምድ ይለዋወጣሉ፤ መልካም ነው። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ልኮ ነበር።

በዚያው ዓመት የካቲት 25 የታወጀው የመሬት አዋጅ ራሱ ለሚያርስ ሁሉ እስከ 10 ሄክታር ፈቀደ። በሰሜኑ ደጋ በአብዛኛው ርስት ተነፍጎ በሽመናና በንግድ ለኖረው ሙስሊም ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የጎጃም ባለርስት ግን በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን እንኳ ርስቴን ሊያሳጣኝ ነው ብሎ የሸፈተ ነው። ያው አዋጅ ለአንዱ ጎረቤት ተስፋ፣ ለሌላው ስጋት! ከባሕር ማዶ የሚመለሱት ልጆቻችን ቡሬ ገበያ ወርደው የሁለቱንም አዛውንቶች ቢጠይቁ ምንኛ በወደድን።