ከመብራቱ በፊት

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው እቤቱ እስከ ስድስት የካናቢስ ተክል ማሳደግ ይችላል፤ የጎለመሱት ከሦስት ካልበለጡ። እኔም ሁለት ዘር ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተከልኩ።

የመጀመሪያዋን በፍቅር ገደልኳት። ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ! ለካ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ከተህ፣ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው የሚጠጣው። ሁለተኛዋ በቀን 18 ሰዓት መብራት እየጠገበች ተመዘዘች።

ከዚያ የዜግነት ማመልከቻ መጣ። ቅጹን የሚያግዙኝ ጋሼ ስለ ዕፅ ሲጠይቁኝ ሳቅኩ።

«እዚህ እኮ ተፈቅዷል!»

«የፈቀደው ከተማው ነው፣ ልጄ። ዜግነት የሚሰጥህ ፌዴራሉ ነው።»

እውነታቸውን ነው። በፌዴራል ሕግ ያኔም ክልክል ነበር። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም በ2019 መመሪያው፣ የምትኖርበት ስቴት ቢፈቅድልህም ነገሩ «መልካም ሥነ ምግባር» የሚለውን መስፈርት ሊያሳጣህ እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። ስለዚህ ግሪን ካርድ ይዘህ ስለ መብራትና ስለ አፈር የምትጠይቀኝ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቅ።

የዚያኑ ማታ ነቀልኳት። ቅጠሏ ገና ለስላሳ ነበር። አሁን መብራቱ ሥር በሶብላ አለ፤ ቤቱ የእናቴን ጓሮ ይሸታል። ማመልከቻው ግን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እዚያች ጥያቄ ላይ እንደቆመ።