ፒያሳ፣ ስልክ ጠጋኙ ሱቅ

ከምኒልክ አደባባይ ተነስቼ ቁልቁል ወደ ጣይቱ ሆቴል በእግር መሄድ እወዳለሁ። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ሳያዛውረው በፊት የከተማዋ ትልቁ ገበያ እዚሁ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል። ጊዮርጊስና ጣይቱ ግን በቦታቸው አሉ።

ሰሞኑን በዚሁ ሰፈር ወዳለ አንድ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ የእናቴን ስልክ ይዤ ገባሁ። የተሰነጠቀው መስታወት ነበር። ልጁ ግን ስልኩን ከፍቶ አየና፣ «ጋሼ፣ ከመስታወቱ ይልቅ ይሄ ያሳስበኛል፤ ‹አድሱኝ› እያለ ስንት ወሩ ነው!» አለኝ። እናቴ ካርድ ይበላብኛል ብላ መልእክቱን ስትዘለው ከርማለች። በዚሁ ስልክ ግን ቴሌብር ትጠቀማለች።

ለምን እንደሚያሳስብ የገባኝ የማክስ ኬለርማንን ታሪክ ሳነብ ነው። ጀርመን አገር ባለ የድረ ገጽ አገልግሎት ድርጅት ይሠራል። በ2013 ዓ.ም. አንድ ደንበኛ «ያወረድኩት ፋይል አልከፈት አለኝ» ሲል አመለከተ። ፋይሉ ተስተካከለ፤ ችግሩ ግን እየቆየ ተመላለሰ። ኬለርማን የሦስት ወር መዝገብ ሲያገላብጥ 37 የተበላሹ ፋይሎች አገኘ። የሚገርመው፣ ብልሽቱ ሁሌም ፋይሉ መጨረሻ ላይ ባሉ 8 ባይቶች ላይ ነበር። የራሱን ፕሮግራም ጠረጠረ፤ ንጹሕ ነው። የቀረው የሊኑክስ እምብርት፣ ባለሙያዎች ከርነል የሚሉት ነው። የአንድሮይድ ስልኮችም የሚሠሩት በዚሁ ነው።

ነገሩን በዕድራችን መዝገብ እናስበው። አባላት ሁሉ ያነቡታል፤ የሚጽፍበት ግን ጸሐፊው ብቻ ነው። ከርነሉም የማስታወሻ ገጾችን እንዲህ ይጠብቃል። ስህተቱ ይህ ነበር፦ «መጻፍ ይቻላል» የሚለው ምልክት ከቀድሞ ወረቀት ሳይነሳ ቀርቶ፣ በሚነበብ ብቻ ገጽ ላይ ይለጠፋል።

ኬለርማን ይህን በሁለት ጥቃቅን ፕሮግራሞች አሳየ። አንዱ ፋይሉ ላይ «ኤ» የሚለውን ፊደል ይጽፋል። ሌላው ፋይሉን ማንበብ ብቻ ነው የተፈቀደለት፤ «ቢ»ን የሚጽፈውም ወደ ሌላ ቦታ ነው። ሆኖም «ቢ» ፋይሉ ውስጥ ተገኘ! ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት መጻፍ ከቻለ፣ ክፉ ፕሮግራም የመሣሪያው ጌታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ኬለርማን ወዲያው አደባባይ አላወጣውም። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ከነመፍትሔው ለሊኑክስ ጠባቂዎች አስታወቀ፤ በማግስቱም ለአንድሮይድ። እርማቱ ከወጣ በኋላ፣ የካቲት 28 ቀን፣ «ደርቲ ፓይፕ» ብሎ ለዓለም ገለጸው። ይህ የነካው አዳዲስ ስልኮችን ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተጋለጠው «ደርቲ ካው» ግን ዘጠኝ ዓመት ያህል ተደብቆ የኖረና የቆዩትንም የነካ ነው።

እርማቱ የሚደርሰን ታዲያ ስናድስ ብቻ ነው። ካርድ እንዳይበላ ዋይፋይ ያለበት ቤት ይጠብቁ፤ የልጅ ልጆች ሲመጡ «ሴቲንግ» ውስጥ ገብተው «ሶፍትዌር አፕዴት» የሚለውን ይንኩላችሁ። ከፕሌይ ስቶር ውጪ የሚላክ ፕሮግራም አይጫን። ስልኩ አርጅቶ እድሳት ከቆመለት፣ ለወሬ ይሁን፤ ገንዘቡ ግን ሌላ ስልክ ላይ ቢሆን ይሻላል።