በባርቤዶስ ሸለቆ የምትኖር ታናሽ እባብ

ካርታዎን ይዘርጉና በካሪቢያን ደሴቶች በስተምሥራቅ፥ ከጎረቤቶችዋ ተነጥላ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የተቀመጠችውን ነጥብ ይፈልጉ። ባርቤዶስ እርስዋ ናት። ርዝመትዋ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ብርቱ እግረኛ ማልዶ ከተነሣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ቀን ይደርሳል።

እንግዳ ሁሉ የሚያወራው ስለ ነጭ አሸዋዋ ነው፤ እኛ ግን ባሕሩን ትተን ወደ መካከል አገር እንግባ። እንግሊዞች በ1627 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከሰፈሩባት በኋላ፥ ሸንኮራ አገዳ ለመትከል ሲሉ ደንዋን አስመነጠሩት፤ አገዳውን እንዲያለማም ከአፍሪካ ሕዝብ በባርነት ተጋዘ። ከጥንቱ ደን ከመቶ 98 እጁ ጠፍቶአል። የተረፈው ከሞላ ጎደል ማረሻ በማይደርስበት ገደላማ ሸለቆ ውስጥ ነው።

በዚያ ቅጠልና ድንጋይ ሥር በዓለም ከታወቁት እባቦች ሁሉ ታናሺቱ ትኖራለች። ርዝመትዋ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ውፍረትዋም እንደ ስፓጌቲ ነው፤ በአንድ ብር ሳንቲም ላይ ተጠቅልላ ትተኛለች። መርዝ የላትም፤ ምግብዋ ምስጥና የጉንዳን እጭ ነው። የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ሲሆን፥ ጫጩትዋ ስትፈለፈል የእናትዋን እኩሌታ ታህላለች። ሊቃውንት እንደሚሉት፥ ከዚህ ብታንስ የምትውጠው ምግብ ባልተገኘላት ነበር።

ብሌር ሄጅስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ2008 ለሳይንስ ሲያስታውቃት፥ በባለቤቱ በካርላ ስም ሰየማት። (ለሚስት አምባር የሚያመጣ ብዙ ነው፤ እባብ ያመጣ ግን ማን አለ?)

ከዚያ በኋላ ዓመታት አልፈው እባቢቱ ስላልታየች፥ ጠፍታ ይሆናል ተባለ። ፍለጋውን ያከበደው መልክዋን የምትመስል፥ በአበባ ማሰሮ አፈር ተጭና የገባች የእስያ እባብ መኖርዋ ነው። መጤይቱ ያለ ወንድ ትራባለች፤ የደሴቲቱ ልጅ ግን ተባዕት ያስፈልጋታል። በጥቂት ሸለቆ ተበታትነው የቀሩ ጥቂት እባቦች ደግሞ እንዴት ይገናኛሉ?

በመጋቢት 2025 ግን ፈላጊዎች በዛፍ ሥር የተያዘ ድንጋይ ሲያነሡ አንዲት ቀጭን ነገር አገኙ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ወስደው በማይክሮስኮፕ ቢመለከቱ፥ በጀርባዋ ላይ ፈዛዛ ቢጫ መስመር ታየ፤ ራስዋ ነበረች። ከዚያም ወደ ደንዋ መለሱዋት።